ሙዝና አቮካዶ ስበላ አፌን ያሳክከኛል፤ ፍራፍሬ ኢሚዩኒቲ ይጨምራል አይደል እንዴ?

የዓለም ገናዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። የምኖረው ዓለም ገና ነው። የምሠራው ደግሞ ከሰበታ አለፍ ብሎ ካሉት የአበባ እርሻዎች በአንዱ፣ ፓክሃውስ ውስጥ ነው። ጽጌረዳ እንመድባለን፣ እንለካለን፣ እናስራለን። ቀኑን ሙሉ ቆመን ነው የምንውለው።

ከሁለት ወር ወዲህ አንድ ነገር ጀምሮኛል። ሙዝ ስበላ ላንቃዬንና ምላሴን ያሳክከኛል። መጀመሪያ ሙዙ ነው ብዬ ነበር፣ በደንብ ያልበሰለ መስሎኝ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከጓደኛዬ ጋር ጁስ ቤት ገብተን አቮካዶ ያለበት እስፕሪስ አዘዝን። ግማሹን እንኳን አልጨረስኩም። ጆሮዬን ከውስጥ በኩል በላኝ፣ ጣት የማይደርስበት ቦታ። የላይኛው ከንፈሬ ወፈረ። ጓደኛዬ በስልኳ ካሜራ ስታሳየኝ ንብ የነደፈኝ ነው የምመስለው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግን እብጠቱ ጎደለ።

ቤት ስገባ እናቴ «ምች ነው» አለችና ዳማከሴ አሽታ አጠጣችኝ፣ ግንባሬንም ቀባችኝ። ፀሐይ ላይ ስለዋልኩ እኔም አመንኩ። ማክሰኞ ግን ሙዝ ስበላ ያው ማሳከኩ መጣ። ያን ቀን ፀሐይ የሚባል አልነካኝም።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። ሰው ሁሉ ፍራፍሬ ብሉ፣ በሽታ የመከላከል አቅም ይጨምራል ይላል። ጁስ ቤቱ ግድግዳ ላይ ራሱ «አናናስና ፓፓያ ኢንዛይም ስላላቸው ኢሚዩኒቲ ያጠነክራሉ» የሚል ተለጥፏል። ታዲያ የሚያጠነክረኝ ነገር እንዴት ከንፈሬን ያሳብጠዋል? አቅሜ ስለደከመ ይሆን? ኤችአይቪ ተመርምሬአለሁ፣ ነፃ ነኝ። የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ፈርቻለሁ።


ጤና ይቀድማል

እህቴ አትጨነቂ። እኔም ስጀምር አናናስ ምላሴን እንደ እሳት ያቃጥለኝ ነበር። ሰውነት ውስጥ ያለው ቆሻሻ ሲወጣ እንደዚህ ያደርጋል ብለውኛል። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድሽ ፓፓያና አናናስ ጨምቀሽ ጠጪ። አቮካዶውንም አታቋርጪ፣ ሰውነትሽ እስኪለምደው በትንሽ በትንሹ ቀጥዪ። እኔ ከጀመርኩ ዓመት ሆነኝ፣ ጉንፋን የሚባል ረስቻለሁ።


ላብ ቴክ ከቡራዩ

የዓለም ገናዋ፣ እባክሽ ከላይ የተባለውን አትሞክሪ። ጤና ይቀድማል በቅንነት እንደጻፍክ ይገባኛል ወንድሜ። ግን ከንፈሩ ያበጠ ሰው እስኪለምደው እየበላ አይጠብቅም። የሚቀጥለው እብጠት ጉሮሮ ላይ ሊሆን ይችላል። እስክትመረመሪ ድረስ ሙዝም አቮካዶም ይቅርብሽ። መጀመሪያ ይሄ ይያዝልኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አቅምሽ ስለደከመ አይደለም። በሽታ የመከላከል አቅም ሲባል ብዙ ሰው እንደ ጀሪካን ነው የሚያስበው፣ ሲጎድል የሚሞላ። እሱ ግን የሚሠራው በመለየት ነው። ይሄ የራሴ ነው፣ ይሄ ምግብ ነው፣ ይሄ ጠላት ነው ብሎ ይለያል። አለርጂ ማለት ምግቡን ከጠላት መቁጠር ነው። ሰው ሳይሞት የእድር ጥሩምባ እንደተነፋ አስቢው። ሰፈሩ ነቅሎ ይወጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሥራ ይፈታል። የጥሩምባው ድምፅ ደክሞ አይደለም፣ ያለቦታው ተነፍቶ እንጂ። ባንቺ ሰውነት ጥሩምባው አይጂኢ የሚባል አንቲቦዲ ነው፣ አንቲቦዲ ማለት ሰውነት ጠላትን ለመያዝ የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ከንፈርና ላንቃ ውስጥ ያሉ ሴሎች ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ የሚያውቀው ፕሮቲን ሲመጣ ሴሎቹ ሂስታሚን ይለቃሉ። ማሳከኩም እብጠቱም ከዚያ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

ፍራፍሬ ውስጥ ፕሮቲን ብዙ የለም። 100 ግራም ሙዝ ውስጥ 1 ግራም ገደማ፣ አቮካዶ ውስጥ 2 ግራም ገደማ ነው። በልቶ ለመጥገብ ከሆነ አይቆጠርም። ግን ከነዚህ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ተክሉ ራሱን የሚከላከልባቸው መሣሪያዎች ናቸው። ተክል እንደኛ አንቲቦዲ የለውም። ሻጋታ ሲመጣበት ካይቲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ያመርታል፣ የሻጋታውን ግድግዳ የሚቆራርጥ። ሙዝም አቮካዶም ይሄ አላቸው። ስሙን ያዢው፣ ወደ ኋላ ይመጣል ብዬ እገምታለሁ።

የጁስ ቤቱን ማስታወቂያ በተመለከተ፣ ኢንዛይሙስ እውነት ነው። ጥሬ ፓፓያ ልጣጩን በቢላ ጫር ብታደርጊው ነጭ ወተት ጠብ ጠብ ይላል። ፓፔይን የሚባለው እዚያ ውስጥ ነው። እናቴ ጠንካራ ሥጋ ሲገጥማት ጥሬ ፓፓያ ቆርጣ ታሽበታለች፣ ሥጋው ይለሰልሳል። ፕሮቲን ቆራጭ ነው። የአናናሱ ብሮሜሌይንም እንደዚያው። ጤና ይቀድማል፣ ምላስህን ያቃጠለህ ቆሻሻ ሲወጣ አይደለም። ብሮሜሌይኑ የምላስህን ፕሮቲን ሲነካካ ነው፣ አናናስ ውስጥ ካሉት መርፌ መሳይ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች ጋር ሆኖ።

እኛ የላብራቶሪ ሰዎች ደግሞ ፓፔይንን በሌላ ታሪክ እናውቀዋለን። በ1959 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሮድኒ ፖርተር የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት የጥንቸል አንቲቦዲ ወስዶ በፓፔይን ቆረጠው። ሦስት ቁራጭ ወጣው። ሁለቱ ጠላትን የሚይዙት ክንዶች ናቸው፣ አንዱ ግንዱ። በ1972 ከጄራልድ ኤደልማን ጋር ኖቤል የተሸለመው በዚህ ሥራ ነው። የሰውነታችን መከላከያ እንዴት እንደተሠራ ያየነው በፓፓያ ቢላ ነው ማለት ይቻላል። ኮሌጅ እያለሁ ይሄን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ፣ እስከዛሬም ፓፓያ ስቆርጥ ትዝ ይለኛል።

ግን ይሄ ሁሉ ስለጠጣነው ፓፓያ አይደለም። ከአናናስ ግንድ የሚወጣ ብሮሜሌይን የበዛበት መድኃኒት አለ፣ በእሳት የተቃጠለ ሰው ላይ የሞተውን ቆዳ ለማንሳት። አውሮፓ በ2012 ፈቅዳዋለች፣ አሜሪካ በ2022። እሱ ግን ተጣርቶ፣ ተመጥኖ፣ ሐኪም ቁስሉ ላይ የሚያደርገው ነው። ሙዝም እንደዚሁ ባንሌክ የሚባል ፕሮቲን አለው። በ2010 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላብራቶሪ ውስጥ ኤችአይቪን ላዩ ላይ ያለውን ስኳር ይዞ ሴል ውስጥ እንዳይገባ ሲያግደው አይተዋል። ዜናው በየቦታው «ሙዝ ኤችአይቪ ይከላከላል» ሆኖ ዞረ። ያልተወራው ግን ዋናው ነገር ነው። ባንሌክ እንዳለ ከተሰጠ ቲ ሴል የሚባሉትን የመከላከያ ሴሎች ያለ ልክ ይቀሰቅሳል፣ ብግነት ያመጣል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ ከፕሮቲኑ 84ኛዋን አሚኖ አሲድ ብቻ ለውጠው፣ ቫይረሱን መያዙን ሳይተው መቀስቀሱን የቀነሱት። ይሄ በ2015 ታትሟል። ሙዝ በመብላት ከኤችአይቪ የዳነ ሰው የለም። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ይሄን ሰምቶ እንዳያቋርጥ ስለምፈራ ነው ያስረዘምኩት።


ሲስተር ከፉሪ

ሰላም የኔ እህት። ላብ ቴክ በደንብ አስረድቷል። እኔ ከማብራራቴ በፊት የምጠይቅሽ አለኝ። ሥራ ላይ ጓንት ታደርጊያለሽ? ምን ዓይነት ነው፣ ወፍራም ወይስ ስስ የላስቲክ? ውስጡ ነጭ ዱቄት አለው? ስታደርጊው እጅሽን ይበላሻል? ከበላሽስ ወዲያው ነው ወይስ በማግስቱ? ፊኛ ስትነፊ ከንፈርሽን የሆነ ነገር ብሎሽ ያውቃል? ፓክሃውስ ውስጥ ያስነጥስሻል? ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ እሱም ላይ ማቃጠል ወይም ማሳከክ ካለ አትፈሪ፣ ንገሪኝ፣ ለሕክምናው ያስፈልጋል።

በዚህ መሀል ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። ከምግብ በኋላ ድምፅሽ ከጎረነነ፣ ጉሮሮሽን ካነቀሽ፣ ደረትሽ ሲር ሲር ካለ፣ ካስመለሰሽ ወይም ካዞረሽ በአቅራቢያሽ ወዳለ ጤና ተቋም በፍጥነት ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ። ሕይወት የሚያተርፈው ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ ክኒን ማሳከክ ያስታግሳል እንጂ ጉሮሮ አይከፍትም። ዳማከሴም እንደዚያው። እናትሽን አልነቅፍም፣ እኔንም እናቴ ያሳደገችኝ በዳማከሴ ነው።


የዓለም ገናዋ

ሲስተር፣ እንዴት አወቅሽ? ስስ ጓንት ነው፣ ቢጫ የመሰለ፣ ስናወጣው ነጭ ዱቄት እጃችን ላይ ይቀራል። በፊት የጨርቅ ነበር የሚሰጡን፣ ይሄኛው ከመጣ አራት ወር ገደማ ነው። በለበስኩ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የእጄ አንጓ ዙሪያ ቀይ እየሆነ ጉብ ጉብ ይላል፣ ሳወልቀው ይጠፋል። የተረጨው መድኃኒት ነው እያልን ነው የምንኖረው፣ አብረውኝ ካሉት ሌላ አንድ ሁለት ልጆችም ይበላቸዋል። ጠዋት ካርቶኑ ሲከፈት ያስነጥሰኛል። ፊኛ ያልሽው ደግሞ የእህቴ ልጅ ልደት ላይ ስነፋ ከንፈሬ ዙሪያውን አሳክኮኝ ነበር። አቧራ ነው ብዬ ተውኩት። የመጨረሻው ጥያቄሽ አይመለከተኝም። ጓንትና ሙዝ ምን አገናኛቸው ታዲያ?


ሲስተር ከፉሪ

ነገሩ እንግዲህ እንደዚህ ነው። ያ ጓንት ላቴክስ ይመስለኛል። ላቴክስ የሚሠራው ከጎማ ዛፍ ወተት ነው፣ እዚህ አገር ጉራ ፈርዳ ላይ የተተከለው ዓይነት ዛፍ። ዛፉ ሲቆስል የሚወጣው ወተት ቁስሉን ይዘጋል፣ ከሻጋታም ይከላከላል። ውስጡ ሄቬይን የሚባል ፕሮቲን አለ። ላብ ቴክ ያዢው ያለሽ የሙዝና የአቮካዶ ካይቲኔዝ ጫፉ ላይ ይሄንን ሄቬይን የሚመስል ቁራጭ አለው። ወንድማማቾች ናቸው በዪው፣ መልካቸው አንድ ነው። ሰውነትሽ መጀመሪያ የተጣላው ከጓንቱ ጋር ነው። ሙዙን ሲያይ ያንኑ ሰውዬ ያየ ይመስለዋል። ከ1994 (እኔም ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ጀምሮ የላቴክስና የፍራፍሬ አለርጂ በአንድ ስም ይጠራል። ላቴክስ አለርጂ ካለባቸው ሰዎች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ለአንዳንድ የዕፅዋት ምግቦችም አለርጂ ያሳያሉ። በዋናነት ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ኪዊ፣ የፈረንጅ ቼስትነት፤ ፓፓያም ይጨመራል። ሁሉም ሰው በሁሉም አይያዝም፤ ምንም ያላሳከከሽን ፍሬ ከፍርሃት ብቻ አታቁሚ።

ዱቄቱ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የላቴክሱ ፕሮቲን ዱቄቱ ላይ ይጣበቅና አብሮ አየር ላይ ይበናል። ካርቶን ሲከፈት ያስነጠሰሽ በአፍንጫሽ እየሳብሽው ስለሆነ ይመስለኛል። አሜሪካ ዱቄት ያለበትን የሕክምና ጓንት ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ከልክላለች። እኔም ድሮ በምሠራበት ክፍል አንዲት ባልደረባችን በዚህ ምክንያት አስም ይዟት ነበር፣ ለዚህ ነው ጥያቄሽን ሳነብ ቀጥታ ወደ ጓንት የሄድኩት። እኛ ለራሳችን ለማወቅ ስንት ወር ፈጅቶብናል። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል፣ ቀላል ነገር ነበር እኮ።

ግን ሁሉም የእጅ ማሳከክ የላቴክስ አለርጂ አይደለም። ይሄን ለጓደኞችሽም ንገሪያቸው። እጁ ደርቆ የሚሰነጣጠቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ላብና ውኃና ሳሙና ነው የጎዳው። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሽፍታ የሚወጣበት ደግሞ ጓንቱ ሲመረት የሚጨመሩት ኬሚካሎች ናቸው፣ እሱ ከሙዝ ጋር አይያያዝም፣ ጉሮሮም አያንቅም። ላቴክስ ያልሆነ ጓንት ላይም እነዚያ ኬሚካሎች ሊኖሩ ይችላሉ። የፀረ ተባይ መድኃኒትም ቆዳ ይጎዳል፣ እሱንም አልረሳሁም። የእናንተን የሚለየው ሰዓቱ ነው። በአሥር ደቂቃ መጥቶ ሲወልቅ የሚጠፋ ጉብ ጉብታ የፈጣኑ ዓይነት ምልክት ነው።

የምታደርጊው ይሄ ነው። ከነገ ጀምሮ ያንን ጓንት አታድርጊ። ናይትራይል የሚባል አለ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው፣ ግን በቀለሙ አትመኚ፣ ካርቶኑ ላይ «ላቴክስ» የሚል አለመኖሩን አንብቢ። ጤና ጣቢያ ካርድ አውጪና የሆነውን በሙሉ ተናገሪ፣ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደጀመረሽ፣ ምን እንዳበጠ፣ ምን ያህል እንደቆየ። ያን ቀን የተነሳሽው ፎቶ ካለ አሳዪ። የቆዳ ወይም የአለርጂ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ጠይቂ። እቤት ቁጭ ብለሽ ሙዝ ቀምሼ ልፈትን እንዳትዪ። ጥርስ ስታስነቅዪ፣ ኦፕራሲዮን ካጋጠመሽ፣ ስትወልጂ፣ ካርድ ክፍል ላይ ሳይሆን ለሚነካሽ ባለሙያ ራሱ «ላቴክስ አይስማማኝም» በዪ። በር ላይ የተናገሩት ውስጥ ላይደርስ ይችላል።


ጋሽ ሙዝ ሃይሌ ጋርመንት

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። እኔ አትክልት ተራ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። ፒያሳ ነበርን፣ በእኛ አቆጣጠር በ2012 ጃንሜዳ ወሰዱን፣ አሁን ሃይሌ ጋርመንት ነን። ሙዙ ከአርባ ምንጭ እንደ ሣር አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚገባልን። ቤት ውስጥ ደርድረን፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ጠቅጥቀን ላምባ ምድጃ እናቃጥልበታለን። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ሲከፈት ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ሙዙ ግን ቢጫ ሆኖ ይጠብቃል። ደንበኞች የላምባ ሙዝ ነው የሚያሳምመን ይሉናል። ይሄ ልጅቷን ያመማት ከእኛ አበሳሰል ይሆን? እውነቱን ንገሩኝ፣ ልቤ አዝኗል።


ላብ ቴክ ከቡራዩ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ በጣም ትክክለኛ ነው። ሙዙን የሚያበስለው ላምባው ሳይሆን ከጭሱ ጋር የሚወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ነው። ሙዝ ራሱም ሲበስል ያንኑ ጋዝ ያወጣል፤ አንድ የበሰለ ጥሬዎቹ መሀል ሲገባ ሌሎቹን የሚያበስለው ለዚህ ነው። በ2000 የስፔን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ አለ። እነዚያ ሄቬይን የሚመስል ጫፍ ያላቸው ካይቲኔዞች ፍሬው ኤቲሊን ሲሰጠው ይጨምራሉ፣ በእሳት ሲሞቁ ደግሞ ይሰበራሉ። ስለዚህ አበሳሰሉ የፕሮቲኑን መጠን ሊነካ ይችላል። ግን አለርጂ የሌለበትን ሰው ይሄ አያሳምመውም። እሷም ቢሆን የተጣላችው ከጓንቱ ነው፣ የእርስዎ ሙዝ በኋላ ነው የመጣው። አይዘኑ። በእሳት ይሰበራሉ አልኩ ብዬ ግን የዓለም ገናዋ ሙዝ ቀቅለሽ እንዳትሞክሪ፣ ስንት ደቂቃ ቢበቃው እቤት ሆነሽ አታውቂም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይልቅ የእርስዎ ጤና ነው ጋሼ። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነድ ላምባ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ አይታይም፣ አይሸትም። ሲከፍቱ በሩን በርግደው ብዙ ቆይተው ይግቡ። ልጆቹንም ቶሎ አያስገቧቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ለዓለም ገናዋ። የደም ምርመራ ካዘዙልሽ ውጤቱን ብቻሽን አትተርጉሚ። እኔ የምሠራው ምርመራ ስለሆነ በግልጽ ልናገር። የአይጂኢ ምርመራ ብዙ ጊዜ ፖዘቲቭ ይልና ሰውየው ግን ምንም አይሆንም። የዕፅዋት ፕሮቲኖች ላይ የስኳር ጭራ አለ፣ አንዳንድ ሰው አንቲቦዲ የሚያመርተው ለዚያ ጭራ ነው፣ ጭራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያሳምምም። የአናናሱ ብሮሜሌይን ይሄ ጭራ ስላለው ላብራቶሪ ውስጥ ለማጣሪያ ይጠቅማል፤ ለብሮሜሌይን ፖዘቲቭ የሆነ ሰው የሌሎቹም ውጤት በጭራው የተነሳ ሊሆን እንደሚችል ያስጠረጥረናል። በ2013 የታተመ የጋና ጥናት ላይ ለኦቾሎኒ አይጂኢ ያላቸው ልጆች ኦቾሎኒ ይበላሉ፣ ምንም አይሆኑም። የብልሃርዚያ ትል ከያዛቸው ጋር የሚያያዝ ሆኖ ነው የተገኘው፣ ትሉም የሚመሳሰል ጭራ ስላለው። ትል በብዛት ባለበት አገር ስለምንኖር ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ወረቀቱ ብቻውን አይፈርድም፣ የሆንሽው ነገር ነው የሚመዝነው። አንቺ ደግሞ ከንፈርሽ አብጧል።


የሚኪ እናት ቱሉ ዲምቱ

ይቅርታ መሀል ገባሁ። ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ለልጄ ሙዝ መስጠት ፈራሁ። ሰባት ወሩ ነው። ብርቱካን ሳቀምሰው አገጩ ዙሪያ ይቀላል። ልተወው?


ሲስተር ከፉሪ

እናት፣ አትተዪው። ብርቱካን አሲድ አለው፣ የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፣ የነካው ቦታ ብቻ ቀልቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ብዙውን ጊዜ መቆጥቆጥ ነው። ከመብላቱ በፊት አገጩን ቫዝሊን ቀቢው። ሰውነቱ ላይ ሌላ ቦታ ጉብ ጉብ ካለ፣ ካበጠ ወይም ካስመለሰው ግን አሳዪው። ከ6 ወር በኋላ ምግብን ማዘግየት ከአለርጂ አያድንም። እንዲያውም በ2015 የወጣው የኦቾሎኒ ጥናት አለርጂ ይይዛቸዋል ተብለው ለሚሰጉ ሕፃናት ቀድሞ መስጠት አለርጂውን በ80 በመቶ ገደማ እንደቀነሰው አሳይቷል። አንጀት ቀድሞ ያወቀውን ምግብ ይቀበላል። ሙዙን ፈጭተሽ ስጪው።


ጤና ይቀድማል

ሲስተር፣ ላብ ቴክ፣ አመሰግናለሁ። እህቴ፣ ቀጥዪ ያልኩሽን አንስቻለሁ፣ ይቅርታ። እኔ ግን ጉንፋን የተወኝ በምን ነው ታዲያ? ፍራፍሬ ለኢሚዩኒቲ ጭራሽ አይጠቅምም ማለት ነው?


ላብ ቴክ ከቡራዩ

ይጠቅማል እንጂ። የሚጠቅመው ግን በፕሮቲኑ አይደለም። ቫይታሚን ሲ ለነጭ የደም ሴሎች ሥራ ያስፈልጋል። 100 ግራም ብርቱካን 50 ሚሊግራም ገደማ አለው፣ ዘይቱን ግን ከ200 በላይ። ሰፈራችን አጥር ላይ ወድቆ ወፍ የሚበላው ዘይቱን። ጉንፋንህ በምን እንደተወህ ከዚህ ሆኜ ልነግርህ አልችልም። ፓፓያህን ብላ፣ ደስ ካለህ። ለታመመ ሰው ግን አትዘዝለት።


የዓለም ገናዋ

ተመልሻለሁ። ዝም ያልኩት ቀጠሮ እየጠበቅኩ ስለነበር ነው።

ጓንቱን በማግስቱ ተውኩት። የካርቶኑን ጎን አየሁት፣ ላቴክስ ይላል። አራት ወር ሙሉ በየቀኑ ስንቀደው የነበረ ካርቶን ነው፣ አንዳችንም አላነበብነውም። ሱፐርቫይዘሬ መጀመሪያ አልተቀበለችኝም፣ ሰበብ የምፈልግ መሰላት። አጠገቧ ቆሜ ጓንቱን ለበስኩት። አሥር ደቂቃ እንኳን አልሞላም፣ አንጓዬ ላይ ጉብ ጉብ ሲል በዓይኗ አየችው። (ሲስተር፣ ማድረግ አልነበረብኝም፣ አውቃለሁ።) አሁን ለእኔ የጨርቁን መልሰውልኛል፣ ናይትራይል እስኪገዛ ድረስ ብለዋል።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ሰማኝ፣ ካርዴ ላይ በቀይ ላቴክስ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ ብሎ ጻፈልኝ፣ ሪፈርም አገኘሁ። ማስነጠሱ ቀንሶልኛል ግን አልጠፋም፣ ሌሎቹ ያንኑ ጓንት ስለሚለብሱ ይመስለኛል። እናቴ ዳማከሴውን አልተወችም፣ ግን ጁስ ቤት ስሄድ ቀድማ የምትጠይቀኝ እሷ ሆናለች።

ትናንት ከአጠገቤ የምታስረው ልጅ እጇን አሳየችኝ። የእሷ ጉብ ጉብ አይልም። ጣቶቿ መሀል ተሰነጣጥቆ ደም ይወጣዋል፣ ቅዳሜና እሁድ ስታርፍ ይሻላታል፣ ረቡዕ ላይ ይብሳል። ሲስተር የዘገየው ዓይነት ያልሽው ይሆናል ብዬ የጻፍሽውን አነበብኩላት። ሰኞ ፈቃድ ጠይቀናል፣ አብረን ነው የምንሄደው። እሷ ምን ብላ መናገር እንዳለባት ካለ እስከ እሁድ ጻፉልኝ፣ ስልክ ስለሌላት እኔ አነብላታለሁ።